የመርፊ እጅ፦ ሪሜክን በምን ሚዛን እንመዝነው?

አንድ የቆየ የሳይንስ ፊክሽን አክሽን ፊልም እንደገና ሊሠራ (ሪሜክ ሊሆን) ነው የሚል ወሬ ሲወጣ፣ ክርክሩ ካሜራው ሳይበራ ይጦፋል። ግማሹ «የልጅነታችንን ፊልም ሊያበላሹብን ነው» ይላል። ሌላው ግማሽ «ዝም ብላችሁ በራሱ እዩት፣ ከድሮው ጋር አታወዳድሩት» ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው ንግግር ጨዋ ነው። ፍትሐዊም ይመስላል። ግን ፊልምን «በራሱ ማየት» ምን እንደሆነ ሲያስረዳ የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ከጀርባው የሚሰማኝ «እባካችሁ አትጨክኑበት» የሚል ልመና ነው።

እኔ በዚህ አልስማማም። ፊልምን በራሱ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ምሕረት ማድረግ አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ ሪሜኮች ከድሮው ጋር ሲነጻጸሩ ሰበብ ያገኛሉ። «እናንተ ትዝታችሁ ነው የያዛችሁ» ብለው ያመልጣሉ። በገዛ ቃላቸው ሲያዙ ግን ማምለጫ የላቸውም።

ለዚህ የሚመች ምሳሌ የ2014ቱ «ሮቦኮፕ» ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥሩ ፊልም ነው ወይ? አዎ፣ ግማሹ። መጥፎስ ነው? አዎ፣ ሌላው ግማሽ። ሙሉ በሙሉ የወደቀ ወይም ሙሉ በሙሉ የተሳካ ሪሜክ ለክርክር ብዙም አይጠቅምም።

መጀመሪያ የድሮውን እናስታውስ። የኔዘርላንዱ ዳይሬክተር ፖል ቨርሆቨን በ1987 የሠራው ነው። ወጪው 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዲትሮይት ከተማ ውስጥ ፖሊስን የሚያስተዳድረው አንድ ግዙፍ ኩባንያ ነው። አሌክስ መርፊ የሚባለውን ፖሊስ ወሮበሎች በጥይት ይበሳሱታል። ኩባንያው የተረፈውን አካል ወስዶ ብረት ውስጥ ይከተዋል፣ ትዝታውን ይሰርዛል፣ ከዚያ ጎዳና ላይ ያሰማራዋል። ማሽኑ ቀስ በቀስ ሰው እንደነበረ ማስታወስ ይጀምራል።

ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ይህን ፊልም ማስረዳት ቀላል ነው። ሰሙ ተኩስ ነው። ወርቁ ሬሳ ሳይቀር ንብረት በሚሆንበት የንግድ ዓለም ላይ መሳለቅ ነው። ኢዲ-209 የሚባለው ሮቦት በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የሚሞከርበት ትዕይንት ለብቻው በቂ ማስረጃ ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ ለሙከራ ሽጉጥ ይደግንበታል። ሮቦቱ «ጣል» ይለዋል። ልጁ ይጥላል። ሮቦቱ አልሰማም፣ ይቆጥራል፣ ከዚያ ልጁን በጥይት ያደባየዋል። ከዚያ በኋላ አለቆቹ የሚጨነቁት ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ ፕሮጀክቱ መዘግየትና ስለ ገንዘቡ ነው። ሳቁ የሚመጣው እዚያ ጋ ነው። ስንስቅ ደግሞ እናፍራለን።

እንግዲህ ሪሜክ ሲሠራ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ሰሙንም ወርቁንም ይገለብጣል፤ ያኔ ለምን እንደተሠራ ግራ ይገባል። ወይ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጥላል። ወይ ደግሞ በዚያው ሰም ውስጥ ሌላ ወርቅ ይደብቃል። እኔ ስለ ሪሜክ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ የትኛውን አደረገ የሚለው ነው።

ወርቁን ለጣለው ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ቶታል ሪኮል» አለ። መነሻው ፊሊፕ ኬ ዲክ በ1966 ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። በ1990 ያው ቨርሆቨን ከአርኖልድ ሽዋርዜኔገር ጋር ፊልም አደረገው። በ2012 ሌን ዋይዝማን ከኮሊን ፋረል ጋር እንደገና ሠራው። የድሮው ታሪክ ወደ ማርስ ይወስደናል። እዚያ አየር የሚሸጥ ነገር ነው። ድሆቹ በርካሽ በተሠራ መጠለያ ውስጥ ስለኖሩ አካላቸው ተለውጧል። ሦስት ጡት ያላት ሴት የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው። ቀልድ ትመስላለች፣ ከጀርባዋ ግን በደል አለ።

አዲሱ ፊልም ማርስን አወጣ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። በማርስ ፋንታ በመሬት እምብርት ውስጥ አልፎ ብሪታንያን ከአውስትራሊያ የሚያገናኝ ግዙፍ ማመላለሻ አስገባ። ሐሳቡ ያምራል፤ ሠራተኛው በየቀኑ ዓለምን በመሃሏ ሰንጥቆ ሥራ ይሄዳል። ግን ሦስት ጡት ያላት ሴት እዚህም ብቅ አለች። ማርስ የለም፣ የተመረዘ አየር የለም፣ አካሉ የተለወጠ ሌላ ሰው የለም። ታዲያ ሴትየዋ ከየት መጣች? ከድሮው ፊልም ነዋ! ተመልካቹ «አወቅኋት!» እንዲል ብቻ ተጠርታ መጣች።

ልብ በሉ፣ ይህን ጉድለት ለማየት የድሮውን ፊልም ማየት አያስፈልግም። የ1990ውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው «ይህቺ ሴት ምንድን ናት?» ብሎ ግራ ይጋባል። ግራ መጋባቱ ትክክለኛ ሂስ ነው። ፊልሙ በገዛ ዓለሙ ውስጥ ምክንያት ያልሰጠውን ነገር አስገብቷል።

ወደ «ሮቦኮፕ» እንመለስ። የ2014ቱን የሠራው ብራዚላዊው ዦዜ ፓዲልያ ነው። ከዚያ በፊት ስለ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ልዩ የፖሊስ ኃይል በሠራው ፊልም በ2008 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት ወስዷል። ስለ ፖሊስና ስለ ጉልበት የሚለው ነገር ያለው ሰው ነበር ማለት ነው። ከመውጣቱ በፊት ግን ብዙ ሰው ያወራው ስለ ልብሱ ቀለም ነበር። ከቀረጻ ቦታ ፎቶ ሲወጣ «ጥቁር ለምን ሆነ? ሌላ ጀግና መሰለ» ተብሎ ተሳቀ።

ቀልዱ የገባው ፊልሙን ያየ ሰው ነው። ታሪኩ ውስጥ መርፊ ከላብራቶሪ ሲወጣ እንደ ድሮው ብርማ ነው። ጥቁር እንዲሆን የሚያዘው ማይክል ኪተን የሚጫወተው የኩባንያው አለቃ ነው። ለምን? ጥቁር ያስፈራል፣ ለዓይን ይስባል፣ ይሸጣል። ሕዝብ የሳቀበትን ውሳኔ ፊልሙ ራሱ እንደ ሞኝ የገበያ ውሳኔ አድርጎ አቅርቦታል። መጨረሻ ላይ መርፊ እንደገና ብርማውን ይለብሳል። ያ ሁሉ ፉገራ በከንቱ ቀረ።

ፊልሙ የሚጀምረው ቴህራን ላይ ነው። የአሜሪካ ሮቦቶች ጎዳናውን ይዘዋል። ሳሙኤል ኤል ጃክሰን የሚጫወተው የቴሌቪዥን አቅራቢ ሁሉንም በቀጥታ እያስተላለፈ ያወድሳል። አንድ ልጅ የወጥ ቤት ቢላ ይዞ ይወጣል። ኢዲ-209 ያየዋል። ይገድለዋል። ስርጭቱ ይቋረጣል። አቅራቢው ንግግሩን ይቀጥላል። በ1987 አንድ ሰው በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ሞተና አለቆች ስለ ገንዘብ አወሩ። በ2014 አንድ ልጅ በካሜራ ፊት ሞተና ካሜራው ዞረ። የሚፌዝበት ቦታ ተቀይሯል። በሰው አልባ አውሮፕላን በሚፈጸም ግድያ ላይ ክርክር በጦፈበት ዘመን ይህ ለውጥ ትክክል ነበር እላለሁ።

ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሮቦት ፖሊስ እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ አለ። ኩባንያው ሕጉን ለመዝለል ሰው ማሽን ውስጥ ይከታል። ስለዚህ የዚህ መርፊ ትዝታ አልተሰረዘም። ማን እንደሆነ ያውቃል። ሚስቱና ልጁ በሕይወት እንዳለ ያውቃሉ። የ1987ቱ ታሪክ ማሽን ሰው ወደ መሆን ሲመለስ ነው። የ2014ቱ ደግሞ ሰው በየደረጃው ማሽን ሲሆን ነው። ጥያቄው ተገልብጧል።

የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት እዚህ ላይ ይመጣል። ጌሪ ኦልድማን የሚጫወተው ሐኪም ኖርተን መርፊን መስታወት ፊት ያቆመዋል። «ምን እንደቀረኝ አሳየኝ» ይለዋል። ብረቱ አንድ በአንድ ይነሳል። እግር የለም። ደረት የለም። የቀረው ጭንቅላት፣ ሳንባ፣ ልብና አንድ እጅ ነው። ሳንባው ሲነፋና ሲሟሽሽ ይታያል። መርፊ ያለቅሳል። ከዚያ «ምንም አልቀረኝም» ይላል። በአክሽን ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕይንት ማየት ብርቅ ነው። ደም እንኳን የለበትም።

ስለ ደም ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ በ1984 ፒጂ-13 የሚባል የዕድሜ ደረጃ ተጀመረ። ታዳጊዎች ያለ ወላጅ ገብተው ማየት የሚችሉት ነው። ስቱዲዮዎች ይወዱታል፣ ብዙ ትኬት ይሸጣልና። የ1987ቱ ፊልም ደም ስለበዛበት ደጋግሞ ተቆርጦ ነው ለአዋቂ የሚሆነውን ደረጃ ያገኘው። የ2012ቱ «ቶታል ሪኮል»ም፣ የ2014ቱ «ሮቦኮፕ»ም ግን ፒጂ-13 ናቸው። «ደሙን አወጡት፣ አለቀለት» የሚሉ ብዙ ናቸው። አልስማማም። ያ መስታወት ፊት የቆመው ገላ ከድሮው ተኩስ በላይ ይዘገንናል። ደግሞ ይህ ማለስለስ በ2014 የተጀመረ አይደለም። ከዚያ ለአዋቂዎች ከተሠራ ፊልም በዓመቱ፣ በ1988፣ ለልጆች የሚሆን የካርቱን ተከታታይ ተሠርቷል። በ1993 የወጣው ሦስተኛው ክፍልም ፒጂ-13 ነበር፤ ሮቦኮፕ እዚያ ይበራል። አዎ፣ ይበራል። ንጹሕ ሆኖ የተቀመጠ ነገር መጥተው አረከሱት ማለት ታሪኩን አለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ጭካኔው። ፊልሙ አንድ አስፈሪ ሐሳብ ያነሳል። መርፊ በውጊያ ላይ የፊት መከላከያው ሲወርድ ውሳኔውን የሚወስደው ፕሮግራሙ ነው። አእምሮው ግን «እኔ ነኝ የወሰንኩት» ብሎ እንዲያምን ምልክት ይላክለታል። ኖርተን ይህን ለአለቆቹ ሲያስረዳ ደስ ብሎት አይደለም፣ ደክሞት ነው። ማሽኑ ሰው ነኝ ብሎ ያስባል። የገጸ ባሕርያቱን ስም አስተውሉ፤ የሐኪሙ ሙሉ ስም ዴኔት ኖርተን ነው፣ ሕጉን ያወጣው ሴናተር ደግሞ ሂውበርት ድራይፈስ። ዳንኤል ዴኔትና ሂውበርት ድራይፈስ ስለ አእምሮና ስለ ማሽን የጻፉ ታዋቂ ፈላስፎች ናቸው። ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም። ጸሐፊው ምን እየጠየቀ እንደሆነ ያውቃል።

ነጻ ፈቃድ የሚባለው ነገር ምልክት ብቻ ከሆነ መርፊ ማን ነው? ከባድ ጥያቄ ነው። ፊልሙ ጠየቀና ጥሎት ሄደ።

ስሜቱ በመድኃኒት ይወርዳል፣ ከዚያ እንዴት እንደተመለሰ በቅጡ ሳይነገረን ይመለሳል። ሐኪሞቹ ኮምፒውተራቸውን እያዩ ይደነቃሉ፣ እኛም እንድንደነቅ ይጠበቃል። መጨረሻ ላይ አለቃው መርፊ እንዳይተኩስበት የሚከለክል የእጅ አምባር አስሯል። መርፊ ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይተኩሳል። እንዴት ቻለ? ልቡ ጠንካራ ስለሆነ። በቃ። አንድ ሰዓት ሙሉ «ፈቃድህ ያንተ አይደለም» ያለን ፊልም በመጨረሻዋ ደቂቃ «ከልብ ከፈለግክ ይሆናል» አለን። ራሱን ካደ።

ይህን ስል የ1987ቱን አንድ ጊዜ እንኳን አልጠራሁም። አያስፈልግም ነበር። አዲሱ ፊልም የወደቀው በራሱ ፈተና ነው። ያወጣውም ጥያቄ የራሱ ነው፣ ባዶ የተወውም መልስ የራሱ ነው።

የድሮውን ከዚህ በኋላ መጥራት ይቻላል። ያኔ ማወዳደሩ ለመፍረድ ሳይሆን ለማስተዋል ይሆናል። በ1987 ሮቦኮፕ የኩባንያውን ባለሥልጣን ማሰር እንዳይችል በድብቅ ተከልክሏል። ክልከላውን አልጣሰውም። የኩባንያው ሊቀመንበር ወንጀለኛውን እዚያው ከሥራ ያባርረዋል። ሰውየው ባለሥልጣን መሆኑ ቀረ፤ ክልከላውም ወደቀ፤ ከዚያ ተኩሱ። ማሽኑ ነጻ የወጣው በስንብት ነው! ፌዙ እስከ መጨረሻው ሰከንድ ለራሱ ሕግ ታማኝ ነው። ብዙ ሰው «የድሮው ይሻላል» ሲል ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ልብሱና ስለ ደሙ ያወራል። ለእኔ የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው፤ የጀመረውን ሐሳብ ጨርሷል።

ሌሎች ድክመቶችም አሉት፤ በፍጥነት ልለፍባቸው። የመርፊ ጠላት ፊልሙ ሳያልቅ ጨለማ መጋዘን ውስጥ ተገድሎ ይረሳል። ውጊያዎቹ የቪዲዮ ጌም ይመስላሉ። ጣሪያ ላይ ያለው መጨረሻ ከመቶ ፊልሞች የተወሰደ ሊሆን ይችላል።

«በራሱ እዩት» ለሚሉት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ፊልሙ ራሱ በራሱ እንድናየው ይፈልጋል? ገና ርዕሱ ሲወጣ የ1987ቱን ዜማ ያሰማናል። የድሮ ፊልም የታወቁ አባባሎችን በተዋናዮቹ አፍ ያስገባል። ወጪው ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የተጠጋው በስሙ ታምኖ ነው። ስሙን ተበድሮ ዕዳውን አላውቅም ማለት አይቻልም። በዓለም ዙሪያ 240 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ ከአሜሪካ ያገኘው ከ60 ሚሊዮን በታች ነበር። ስሙ በጣም የሚታወቅበት አገር ላይ ነው ቀዝቀዝ ያለው። ስም በር ይከፍታል፤ በዚያው በር የድሮው ትዝታም አብሮ ይገባል።

ትዝታም ቢሆን አይታመንም። በ1982 ጆን ካርፐንተር «ዘ ቲንግ»ን ሲያወጣ ሐያሲዎቹ ክፉኛ ወረዱበት። ከእሱ በፊት በ1951 የወጣ ፊልም ነበር፤ እዚያ ጭራቁ ሰው የሚመስል አንድ ፍጡር ነው። ካርፐንተር ሁለቱም ፊልሞች ወደተነሱበት የ1938 ልብ ወለድ ተመለሰ። የእሱ ጭራቅ ያገኘውን ሰው ሁሉ መምሰል ይችላል። ስለዚህ ፍርሃቱ ከጭራቁ ወደ አጠገብህ ወዳለው ሰው ዞረ። ያ ነው አዲስ ወርቅ ማለት። ግን ፊልሙ የወጣው «ኢ.ቲ.» ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ሕዝቡ ደግ የሆነውን እንግዳ ፍጡር ወዶ ሳይጨርስ ይህ አስቀያሚ ነገር መጣበት። በአሜሪካ ያስገባው 20 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም። ዛሬ ከምርጥ የሳይንስ ፊክሽን ፊልሞች ተርታ ይቆጠራል። ሐያሲዎቹ በራሱ ሚዛን አልመዘኑትም፤ በዚያ ሳምንት ስሜት ነው የመዘኑት። በነገራችን ላይ የዚያን ፊልም ጭራቆች የሠራው ሮብ ቦቲን ያኔ ዕድሜው ገና 22 ገደማ ነበር። የ1987ቱን የሮቦኮፕ ልብስ የነደፈውም እሱ ነው። በ1990ው «ቶታል ሪኮል»ም ሠርቷል። እነዚህን «ኦሪጅናል» የምንላቸውን ፊልሞች ልዩ ያደረጋቸው አንዱ ነገር ይህ የእጅ ሥራ ነው።

ካርፐንተር ከልብ ወለዱ እንደተነሳ ሁሉ፣ ብዙ ሪሜክ የምንላቸው ፊልሞች በእርግጥ ሪሜክ አይደሉም። «ዘ ረኒንግ ማን» በ1987 ሽዋርዜኔገር የተወነበት ፊልም ሆኖ ወጣ። ከጀርባው ግን እስጢፈን ኪንግ ሪቻርድ ባክማን በሚል የብዕር ስም በ1982 ያሳተመው መጽሐፍ አለ። የመጽሐፉ ታሪክ የሚፈጸመው በ2025 ነው። ኤድጋር ራይት እንደገና የሠራው ፊልምም በ2025 ወጣ። እንዲህ ያለውን ከድሮው ፊልም ጋር ብቻ ማፋጠጥ ትክክል አይሆንም። የድሮውም ፊልም ራሱ ከመጽሐፉ ብዙ ርቆ ነበርና። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳያጣሩ «አበላሹት» ማለት ይቀናናል።

የእህቴ ልጅ «ሮቦኮፕ»ን ያየው ከእኔ በተቃራኒ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የ2014ቱን፣ ከዚያ የ1987ቱን። የድሮውን አብሬው ተቀምጬ አየሁት። እኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም፣ ስለዚህ እሱን ነበር የማየው። ኢዲ-209 ደረጃ ላይ ሲወድቅ ሳቀ። ተኩሱ ላይ ብዙም አልደነገጠም።

ከዚያ ሐኪሞቹ የመርፊን ግራ እጅ እንዳተረፉ ለአለቃው የሚነግሩበት ትዕይንት መጣ። አለቃው ይናደዳል። ሙሉ በሙሉ ብረት ነበር የተባባልነው፣ እጁን ጣሉት ይላል። እኔ በዚህ ሁልጊዜ እስቅ ነበር። የአለቃው ግድ የለሽነት ያስቀኛል። ልጁ ግን ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እሱ የሚያውቀው መርፊ መስታወት ፊት ቆሞ ከመላ አካሉ አንዲት እጅ ብቻ ቀርታው ያለቀሰውን ነው።

«እንዴ፣ ለምን ይጥሉታል?» አለ። «እጁ እኮ ነው!»

በዚያን ዕለት ያ ትዕይንት አላሳቀኝም።